ቀለበቱ የእኔ ነው ወይስ የሌላ?

የዛሬዋ ባለጉዳያችን ከወደ ዋግ ኽምራ ናት፤ ከሰቆጣ። ዕድሜዋ 26፣ ሥራዋ መምህርነት ነው። ደብዳቤዋ አምስት ገጽ ስለሆነ ዋና ዋናውን ብቻ ቀንጭበን እናቅርብላችሁ። ስሟን ትተነዋል፤ የእሱንም እንደዚያው።

«... እጮኛዬ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ስልክ ተቋርጦ ድምፁን ሳልሰማ ወራት ስቆይ አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርኩትም። ሰው ‹እስካሁን ሌላ ይዟል› ሲለኝ ስቄ ነው የማልፈው። ዘንድሮ ሽማግሌ የሚልክበት ቀን ተቆረጠ። በመካከሉ ልደቴ ደረሰና በሰው እጅ የሉል ቀለበት ላከልኝ። ደውሎ ‹የተወለድሽበት ወር ድንጋይ ነው› አለኝ። ልኩ ልክክ ብሎ ጣቴ ላይ ገባ። ደስታዬን ምን ብዬ ልንገራችሁ!

ሦስት ቀን ሳይሞላው አንዲት ባልደረባዬ አየችውና ‹መቼ ነው የተወለድሽው?› አለችኝ። ሰኔ 27 አልኳት። ስልኳን አውጥታ ፈላለገችና ‹ይሄማ የጁን ድንጋይ ነው፤ አንቺ የጁላይ ልጅ ነሽ። ያንቺ ሩቢ ነው፣ ቀይ። ይሄ ቀለበት ለሌላ ሴት ነው የተገዛው› አለችኝ። ሳጥኑን ባየው እውነትም በፈረንጅኛ ‹ጁን› የሚል ወረቀት አለበት። በዚያ ላይ ‹ሉል ያጠለቀች ሙሽራ ታለቅሳለች› ብላ ጨመረችልኝ። እናቴ ደግሞ ከመጀመሪያውም አልወደደችውም፤ ‹እኛ ብር ነው የምናውቅ፤ የባሕር ጠጠር ምን ሊሆንሽ ነው?› ነው ያለችኝ። አውልቄ ሙዳይ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ስልኩንም ካላነሳሁ አሥራ አንድ ቀን ሆነኝ። ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሦስት ሳምንት ቀርቷል። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ባልደረባሽ አልዋሸችሽም። የተናገረችው ነገር ከነቁጥሩ ትክክል ነው። ስህተቱ ያለው ከቁጥሩ ተነስታ በሰጠችው ፍርድ ላይ ነው።

የፈረንጆቹ ጁን የሚጀምረው በእኛ ግንቦት 24 ቀን ነው፤ የሚያልቀው ደግሞ ሰኔ 23። ሰኔ 24 ቀን ጁላይ ገባ ማለት ነው። አንቺ ሰኔ 27 ስትወለጂ በእነሱ አቆጣጠር ጁላይ 4 ነበር። በዝርዝራቸው መሠረት ድንጋይሽ ሩቢ ነው፤ እዚህ ድረስ ልጅቷ አልተሳሳተችም።

አሁን ደግሞ እስቲ እጮኛሽን ጌጣጌጥ ቤት ቆሞ አስቢው። ሁላችንም ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ «ሰኔ ማለት ጁን» ተብለን ነው የተማርነው። ልጁ የአንቺን ልደት የሚያውቀው በሰኔ ነው። ሻጩን «የሰኔ ልጅ ናት፣ ድንጋይዋ ምንድነው?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ሻጩ «ሰኔ ጁን ነው፤ ጁን ፐርል ነው» ብሎ ሳጥኑን ከነወረቀቱ ያስረክበዋል። ከመቶ ዘጠና ዘጠኛችን ሰኔ 27ን በልባችን ወደ ጁላይ ቀይረን አንሄድም። እውነቱን ለመናገር ይህን ዓምድ የሚያዘጋጀው ሰውም ወረቀትና እርሳስ ይዞ ነው የቆጠረው። እንዲያውም የጁን ሉል በእጅሽ መገኘቱ ልጁ «ሰኔ» የሚለውን አለመርሳቱን ነው የሚያሳየው። ተጠርጣሪዋ ሌላ ሴት ሳትሆን የቀን መቁጠሪያ ናት! የሌላ ሴት ቀለበት ደግሞ ያንቺ ጣት ላይ «ልክክ» ማለቱ ትንሽ ይገርማል።

በዚህ ስህተት የምትወድቂው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ግንቦት 26 የተወለደ ሰው «የሜይ ልጅ ነኝ» ብሎ ኤመራልድ ሲያምረው ይኖራል፤ በዝርዝሩ ግን እሱ ነው የሉል ባለቤት። የጳጉሜን ልጆችማ ወራቸው በፈረንጅ ጭራሽ የለም ብለው ተስፋ ቆርጠው ይሆናል፤ ሴፕቴምበር ውስጥ ስለሚወድቁ ሰንፔር፣ ማለት ሳፋየር ይደርሳቸዋል።

ለመሆኑ ይህን ዝርዝር ማን አወጣው? ሥሩ ሩቅ ነው። በኦሪት ዘጸአት ካህኑ አሮን ደረቱ ላይ የሚያደርገው አሥራ ሁለት ድንጋይ ያለበት ልብስ አለ። የጥንት ጸሐፊዎች አሥራ ሁለቱን ድንጋዮች ከአሥራ ሁለቱ ወሮች ጋር አገናኟቸው። ቆይቶ በአውሮፓ ሰው የራሱን ወር ድንጋይ ማድረግ ጀመረ። ዛሬ በየስልኩ ላይ የምናየው ዝርዝር ግን ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ የአሜሪካ ጌጣጌጥ ነጋዴዎች እ.ኤ.አ. በ1912 ካንሳስ ላይ ተሰብስበው ያጸደቁት ነው። ለጁን ሉልንና ሙንስቶንን ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ1952 አሌክሳንድራይት የሚባለውን ጨመሩበት። ታንዛናይት የተባለው ሰማያዊ ድንጋይ ታንዛንያ ውስጥ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፤ በ2002 ደግሞ የዲሴምበር ድንጋይ ተብሎ ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ከተገኘ ገና 35 ዓመቱ! የነጋዴ ዝርዝር ነው እንግዲህ፤ አዲስ ዕቃ ሲመጣ መደርደሪያ ይጨመርለታል። ያምራል፣ ለስጦታ ምክንያት ይሆናል፤ ለእጮኛ መለያያ ግን አይሆንም።

አሁን ወደ ሉሉ እንምጣ፤ ነገሩ የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነውና። እናትሽ «የባሕር ጠጠር» ማለታቸው አልተሳሳቱም። ሉል ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ድንጋይ አይደለም። ኦይስተር የሚባል ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ ሰውነቱ ውስጥ ባዕድ ነገር ሲገባበት ወይም ሲቆስል፣ ያንን ነገር የዛጎሉን ውስጠኛ ገጽ በሚሠራበት አንጸባራቂ ቅባት ደጋግሞ ይሸፍነዋል። ንብርብሩ ሲበዛ ሉል ይሆናል። ብዙ ጊዜ «አሸዋ ገብቶበት ነው» ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥገኛ ተባይ ወይም ቁስል ነው ምክንያቱ። ከሌሎቹ ዕንቁዎች የሚለየውም ይኸው ነው፤ ሞራጅ፣ ጠራቢ አይፈልግም። እንዳለ ይወጣል፣ እንዳለ ይደረጋል።

ይህ የባሕር ነገር በእኛ አገር እንግዳ ይመስልሻል? ቋንቋችንን ጠይቂው። በግዕዝ ሉል «ባሕርይ» ይባላል፤ ከባሕር የተገኘ ማለት ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የኖሩት ታሪክ ጸሐፊ አባ ባሕርይ ስማቸው ይኸው ነው። ዛሬ «የእገሌ ባሕርይ» ስንል የሰውን ጠባይ ነው የምንናገረው፤ ያው አንዱ ቃል ሁለቱንም ይዞ ኖሯል። በማቴዎስ ወንጌልም ጌታችን መንግሥተ ሰማያትን የመሰለው አንድ ውድ ዕንቁ አግኝቶ ያለውን ሁሉ ሸጦ በገዛ ነጋዴ ነው። ዕንቁ የተባለው ያ ነገር ሉል ነው።

ከሁሉ የሚገርመው ክብረ ነገሥት ነው። መጽሐፉ እንደሚተርከው በአዳም ሰውነት ውስጥ አንድ ባሕርይ፣ ማለትም አንድ ሉል ተቀምጦ ነበር። ያ ሉል ከአዳም ወደ ሴት፣ ከዚያ ወደ ኖኅ፣ ወደ ሴም፣ ወደ አብርሃም፣ እያለ ወደ ዳዊትና ሰሎሞን ተላለፈ፤ በመጨረሻም ወደ ሐና ደርሶ ከእሷ እመቤታችን ተወለደች። እንግዲህ ሉል የዘርና የአደራ ምልክት ነው ማለት ነው። (አንድ ነገር በቅንፍ ጣል እናድርግ፦ ክብረ ነገሥት የተጻፈው በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሲሆን፣ ያከበረው እ.ኤ.አ. በ1270 ዛጉዌዎችን የተካውን የሰሎሞን ሥርወ መንግሥት ነው። የዋግ ሹሞች ደግሞ ዘራችን ከዛጉዌ ነው ባዮች ነበሩ። ስለዚህ የሰቆጣ ልጅ ይህን ታሪክ ስታነብ ትንሽ ፈገግ ብትል አንፈርድባትም።)

ሰሎሞንን ካነሳን ቀለበቱንም እናንሳ። በዚያው መጽሐፍ ንግሥቲቱ ወደ አገሯ ስትመለስ ንጉሡ ምልክት እንዲሆን የጣቱን ቀለበት ሰጥቷታል። በሕዝብ አፈ ታሪክ ደግሞ ከኢየሩሳሌም ስትገባ መኳንንቱ «ዕንቁ ለጣትሽ» እያሉ ዕንቁ አበረከቱላት፤ ዕንቁጣጣሽ የሚለው የአዲስ ዓመት ስማችን ከዚያ መጣ ይባላል። ያንቺም ልጅ ያደረገው እኮ ሌላ አይደለም፤ ዕንቁ ለጣትሽ ነው ያለሽ።

ሉል በአካልም ከእኛ ሩቅ አልነበረም። ዛሬ በኤርትራ ግዛት ያሉት የዳህላክ ደሴቶች ለብዙ ዘመን ሉል በጠላቂዎች ሲለቀምባቸው የኖሩ ናቸው፤ ምጽዋም የሉል ነጋዴዎች መገናኛ ነበረች። በቀይ ባሕር ላይ በጀልባ ሲዘዋወር ሉል ይነግድ የነበረው ፈረንሳዊው ሄንሪ ደ ሞንፍሬድ እ.ኤ.አ. በ1931 ባሳተመው መጽሐፉ ስለዚሁ ጽፏል። ደጋው ላይ ግን ሉል ከቤተ መንግሥትና ከቤተ ክርስቲያን አልፎ ብዙ አልወረደም። ወደ ሰቆጣ ከባሕር የመጣው ሌላ ነገር ነው፦ ጨው! ከአፋር ምድረ በዳ የተቆረጠው አሞሌ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ በመቀሌ በኩል ሰቆጣ ገበያ ይገባ ነበር፤ ከዚያ ወደ ሌላው አገር ይበተናል። ያ የጨው ሜዳ በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ክንድ ነበር፤ ዛሬም ዛጎልና ኮራል ይገኝበታል። እናም እናትሽን «እማዬ፣ ሉሉ የአሞሌው ዘመድ ነው» ብትያቸው አልዋሸሽም። የዋግ ሴት ጌጧ ብር ነው፤ የአንገት መስቀሉ፣ ድሪው፣ ጉትቻው፣ አልቦው። እሱን ማንም አይነቅፍም። ቀለበቱ ራሱ ብር ከሆነማ እናትሽ ከግማሹ ጋር ታርቀዋል።

«ሉል ያስለቅሳል» የሚለውስ? ይህ የአውሮፓ ወሬ ነው። ቅርጹ እንባ ስለሚመስል ሙሽራ ሉል ካደረገች በትዳሯ ታለቅሳለች የሚሉ ነበሩ። በዚያው አንጻር «የተለበሰው ሉል የሙሽራዋን እንባ ይተካል፤ ስለዚህ እሷ አታለቅስም» የሚሉም አሉ። ሁለቱንም ማመን አይቻልም፤ አንዱን መምረጥ የግድ ከሆነ ደስ የሚለውን ምረጪ። የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 1947 ስትዳር አንገቷ ላይ ሁለት ሉል ነበር። ባሏ እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪሞት ድረስ ትዳሩ 73 ዓመት ቆየ። እንባው መቼ ሊመጣ ነበር?

በደብዳቤሽ መጨረሻ «እውነተኛ ይሁን አይሁን እንኳ አላውቅም፤ ሁለት ወር ደመወዙን አውጥቶበታል ይላሉ» ያልሽውን አይተነዋል። እዚህ ላይ ቁም ነገር አለ። ድሮ ሉል የነገሥታት ነገር ነበር፤ ምክንያቱም ጠላቂው ስንትና ስንት ዛጎል ከፍቶ አንድ ቢያገኝ ነው። ጃፓናዊው ሚኪሞቶ ኮኪቺ እ.ኤ.አ. በ1893 ኦይስተሩ ውስጥ በሰው እጅ ፍሬ አስገብቶ ግማሽ ክብ ሉል አበቀለ፤ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ድፍን ክቡም ተሳካ። ከዚያ በኋላ ዋጋው ተናጋ። እ.ኤ.አ. በ1917 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ሀብታም ለሚስቱ ሁለት ረድፍ ሉል ለማግኘት ሲል በዋናው ጎዳና ላይ የነበረውን ትልቅ ቤቱን ለካርቲየር ድርጅት አስረክቧል፤ ሉሉ ያኔ አንድ ሚሊዮን ዶላር ነው የተባለው። ሴትዮዋ ሞታ እ.ኤ.አ. በ1957 ያው ሉል ለጨረታ ሲቀርብ 200,000 ዶላር እንኳ አልሞላም። ቤቱ ግን እስከ ዛሬ የካርቲየር ነው። የሚያሳዝነው የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ጠላቂዎች ነገር ነው፤ የአባት የአያት ሥራቸው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተዘጋ።

ስለዚህ ዛሬ በሱቅ የሚገኘው ሉል ማለት ይቻላል ሁሉም እንዲህ የለማ ነው፤ አብዛኛውም ከቻይና ጣፋጭ ውኃ የሚመጣ። ይህ ውሸት ሉል ማለት አይደለም፤ እንስሳው ነው የሠራው። ውሸቱ የመስተዋትና የፕላስቲክ ዶቃ ላይ ቀለም የተቀባው ነው። እንዴት ትለይዋለሽ? የላይኛው የፊት ጥርስሽ ጫፍ ላይ ቀስ አድርገሽ ፈተግ አድርጊው። እውነተኛው እንደ ደቃቅ አሸዋ ሻከር ይላል፤ ፕላስቲኩ ያንሸራትታል። እጅ ሲነካው መጀመሪያ ቀዝቀዝ ይላል። በጣም ፍጹም ክብና ጉድለት የለሽ ሆኖ ርካሽ ከሆነ ተጠራጠሪ። በእሳት ወይም በኮምጣጤ እፈትናለሁ እንዳትዪ! ሉል በኮምጣጤ ይበላል፤ ክሊዮፓትራ ሉል በኮምጣጤ አሟምታ ጠጣች የሚለው የጥንት ወሬ የመጣው ከዚሁ ነው። በባሕር የበቀለውን ከለማው ለመለየት ግን ጥርስ አይበቃም፤ የራጅ ምርመራ ይጠይቃል። ለአንቺ ግን ይህ አያስፈልግሽም።

ሁለት ወር ደመወዝ የሚለው እውነት ከሆነ ልጁን ሳናሞግሰው እናልፋለን። ሠርግ እየደገሰ ያለ ሰው ለአንዲት ፍሬ ይህን ያህል ማውጣቱ ፍቅር ነው፣ ሒሳብ ግን አይደለም። ይህን አንቺው ንገሪው፤ ስትታረቂው።

እንክብካቤውንም እንንገርሽ፤ ሻጮች አይነግሩም። ሉል ለስላሳ ነገር ነው፤ አሸዋም ይጭረዋል። ቀለበት ላይ ሲሆን ደግሞ ከአንገት ሐብል ይበልጥ ይጎዳል። ሊጥ ስታቦኪ፣ ሽንኩርት ስትከትፊ፣ ሎሚ ስትጨምቂ፣ ልብስ ስታጥቢ አውልቂው። የጠመኔ ብናኝም አይወድምና ክፍል ስትገቢ ተጠንቀቂ፤ መምህር አይደለሽ! ሽቶ የምትቀቢ ከሆነ መጀመሪያ ሽቶው፣ መጨረሻ ቀለበቱ። ፀጉርሽን ቅቤ ከተቀባሽ እጅሽን ታጥበሽ ነው የምታደርጊው። ለሙሽርነት ወይባ ጭስ የምትገቢ ከሆነማ አደራ፤ ሙቀትና ድርቀት ስለሚሰነጥቀው በጭራሽ ይዘሽ እንዳትገቢ። ማታ ስታወልቂ በለስላሳ ጨርቅ ጠራርገሽ፣ ከብሩ ድሪ ጋር ሳይነካካ ለብቻው ጠቅልለሽ አስቀምጪው። ሙዳዩ ጥሩ ቤት ነው፤ ከውስጡ ደግሞ ቶሎ ቶሎ አውጪው፤ ሲደረግ ነው የሚያምረው።

«የወሬ ነገር አይሆንልኝም፤ የወሬን ልደት ድንጋይ ካላደረግሁ» ካልሽ ደግሞ ሩቢ አስለውጪው ብለን አንመክርም፤ ዋጋው ሌላ ጣጣ ነው። ድንጋይ የአገር ልጅ ይሁን ለሚል ሰው ከእናንተ ወደ ደቡብ ወረድ ሲባል በወሎ ደላንታ፣ ወገልጤና አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ የሚወጣው ኦፓል አለ፤ ቀስተ ደመና የመሰለ፣ ውኃ ሲነካው ጠጥቶ የሚያስተላልፍ፣ ሲደርቅ ደግሞ ወደ ቀለሙ የሚመለስ። በዝርዝሩ የኦክቶበር ነው፤ ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 21 ገደማ ለተወለዱት። እጮኛሽ ምናልባት በዚያ ወቅት ተወልዶ ከሆነ መልስ ስጦታሽን አገኘሽ ማለት ነው። ልደቱን ግን በደንብ ቁጠሪ!

አሁን የቀረው ስልኩ ነው። ደብዳቤሽን ደጋግመን አነበብነው፤ አንድም ቦታ ላይ «ጠየቅሁት» የሚል ቃል የለም። ባልደረባሽን ጠይቀሻል፣ እናትሽን ጠይቀሻል፣ ሳጥኑን ጠይቀሻል፣ እኛንም ጠይቀሻል። በ2014 ስልክ በሌለበት የታገሥሽው ልጅ አሁን ኔትወርክ ሙሉ ሆኖ አሥራ አንድ ቀን ዝም ተባለ። እዚያ ማዶ ምን እያሰበ ይሆን? «ሉሉን ንቃው ይሆን? ወይስ ሌላ መጣ?» ብሎ እሱም ለሌላ ጋዜጣ እየጻፈ እንዳይሆን!

ዛሬ ማታ ደውዪለት። ስለ ሌላ ሴት አንድም ቃል አታንሺ። «የተወለድኩት በፈረንጅ መቼ ነው?» ብለሽ ብቻ ጠይቂው። «ጁን 27» ካለሽ ሳቂ፤ ነገሩ አበቃ። «ጁላይ 4» ካለሽ ግን ሉሉን ለምን እንደመረጠ ጠይቂውና የሚልሽን ጻፊልን፤ በዚያ ላይ እንመካከራለን።

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ቀለበቱ ጣትሽ ላይ ይሁን። ጠላው ሲቀዳ ግን አውልቂው።